ከክሊኒክ ወደ መምህርነት የመጣ ሰው የሙያ እድገቱን ከየት ይጀምር?

ጥያቄ፦ ከዋርድ የመጣሁ ሌክቸረር

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የአዋቂዎች ነርሲንግ አስተምራለሁ። ወደ መምህርነት የመጣሁት ከቀዶ ሕክምና ዋርድ ሲሆን፣ ሁለተኛ ዲግሪዬንም የያዝኩት በክሊኒካል ሙያ እንጂ በማስተማር ዘዴ አይደለም። ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት ለማደግ የታተመ ምርምር ያስፈልገኛል፤ በሌላ በኩል ግን ተማሪዎቼ አንድ አልጋ ከበው ቆመው፣ ከፊት ካሉት በቀር ሌሎቹ ምንም ሳይማሩ ሲመለሱ አያለሁ። በጤና ሙያ ትምህርት ሌላ ሁለተኛ ዲግሪ ልጀምር፣ ኤችዲፒን (የዩኒቨርሲቲ መምህራን የማስተማር ዘዴ ሥልጠናን) ላስቀድም ወይስ ጊዜዬን ሁሉ ለምርምር ልስጥ? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የውስጥ ደዌ መምህር

ሌላ ዲግሪ ከመጀመርዎ በፊት፣ ነገ ጠዋት ዋርድ ውስጥ የሚሠሩበትን ክህሎት ያዳብሩ ብዬ እመክራለሁ። ኤችዲፒ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ሲሰጥ የቆየ ሥልጠና ነው፤ አሳታፊ ማስተማርን፣ ተከታታይ ምዘናንና የተግባር ምርምርን ስለሚያስተምር ይውሰዱት። ይሁን እንጂ የተዘጋጀው ለሁሉም የትምህርት ዘርፍ በመሆኑ በሽተኛ አጠገብ ቆሞ ማስተማርን በጥልቀት አያገኙበትም።

ለዚህ በእኔ ዘንድ የሠራው በ1992 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የቤተሰብ ሕክምና መምህራን ያስተዋወቁት አጭር ዘዴ ነው። ለምሳሌ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የልብ ምቱ የፈጠነና ሽንቱ የቀነሰ በሽተኛ አለ እንበል። በመጀመሪያ ተማሪው «ምን ሆኖ ይመስልሃል?» ተብሎ ይጠየቅና የራሱን አቋም ይይዛል፤ «የቁስሉ ሕመም ነው» ቢል እንኳ አይቋረጥም። ቀጥሎ «ምን አይተህ?» ይባላል። ከዚያ አንድ ጠቅላላ ደንብ ብቻ ይማራል፦ የደም ግፊት ከመውረዱ በፊት የልብ ምት መፍጠንና የሽንት መቀነስ የደም ወይም የፈሳሽ ማነስን ሊያመለክቱ ስለሚችሉ፣ ግፊቱ ደህና ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም። በመጨረሻ በትክክል ያደረገው ተለይቶ ይነገረዋል፣ ስህተቱም ይታረማል። ይህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ብዙዎቻችን የለመድነው ግን ተማሪውን በጓደኞቹና በበሽተኛው ፊት ማሳጣትን ነው፤ እሱን ማስተማር ብለን መጥራታችን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

መልስ፦ የሕብረተሰብ ጤና ተመራማሪ

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጠያቂዋ ማስተማርንና ምርምርን እንደ ተቀናቃኝ ማየታቸው አስፈላጊ አይመስለኝም። ፈተና ያወጣሉ፣ ኦስኪ (ተማሪዎች ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወሩ የሚወስዱት የተግባር ፈተና) ያዘጋጃሉ፣ ተማሪ በዋርድ ይመዝናሉ፤ እነዚህ ሁሉ በአግባቡ ከተመዘገቡ ለጥናት የሚሆን መረጃ ናቸው። አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ኧርነስት ቦየር በ1990 እ.ኤ.አ. የምሁርነትን ሥራ በአራት ከፍሎ ሲያቀርብ ማስተማርን ከአዲስ ግኝት ጎን ያስቀመጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። የእድገት ኮሚቴዎች ሁሉ ይህን ተቀብለዋል ማለቴ አይደለም፤ ስለዚህ የክፍልዎን የማዕረግ እድገት መመሪያ አሁኑኑ አግኝተው ምን እንደሚቆጥርና ምን እንደማይቆጥር ያንብቡ።

በእጅዎ ካለው ነገር የሚጀምሩት የምርጫ ጥያቄዎችዎን በመተንተን ነው። ጽሑፎችን ለማግኘት የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ያስጀመረውን ሂናሪን (የጤና ጆርናሎችን በኢንተርኔት የሚያስነብብ አገልግሎት) ይጠቀሙ፤ የይለፍ ቃሉን ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ቤተ መጻሕፍቱ ነው። ተማሪዎችዎን የጥናት ተሳታፊ የሚያደርጉ ከሆነ ግን ውጤታቸው በእርስዎ እጅ በመሆኑ «አልፈልግም» ለማለት እንደሚቸገሩ አይርሱ፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ መረጃ ከመሰብሰብ በፊት ይጠየቃል፣ ፈቃደኝነታቸውንም ሌላ ሰው ቢጠይቅ ይሻላል። በቀናት ውስጥ እናትማለን እያሉ በኢሜይል ከሚለምኑ ጆርናሎችም ይራቁ። ምንም ላልሠራ አለቃ በአክብሮት ስም ደራሲነት መስጠትም በዓለም አቀፍ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች መስፈርት ተቀባይነት የለውም።

መልስ፦ የስኪል ላብ (የክህሎት መለማመጃ ክፍል) ባለሙያ

አንድ ነገር የተረሳ ይመስለኛል። ከዋርድ የራቀ የነርሲንግ መምህር ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚያስተምረው ያኔ የሚሠራበትን እንጂ ዛሬ የሚሠራበትን አይሆንም። የሙያ ፈቃድ እድሳትም ከሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ሥልጠና ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ከሆስፒታሉ ጋር ተነጋግረው በሳምንት የተወሰነ ሰዓት በሥራ ላይ ቢቆዩ ከሌላ ዲግሪ ይልቅ ይጠቅምዎታል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ከዋርድ የመጣሁ ሌክቸረር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የፈተና ጥያቄ ትንተናው በኤክሴል ብቻ ሊሠራ ይችላል? ስታቲስቲክስ ላይ ብዙም ጠንካራ አይደለሁም።

መልስ፦ የሕብረተሰብ ጤና ተመራማሪ

በሚገባ ይቻላል። 100 ተፈታኞች ካሉ በጠቅላላ ውጤታቸው በቅደም ተከተል ይደርድሯቸውና የላይኞቹን 27 እና የታችኞቹን 27 ይውሰዱ። አንድን ጥያቄ ከላይኞቹ 20፣ ከታችኞቹ 9 ከመለሱ ልዩነቱን 11ን ለ27 ሲያካፍሉ 0.41 ያህል ያገኛሉ፤ ይህም ጥያቄው የተዘጋጀውን ተማሪ ካልተዘጋጀው በደንብ ይለያል ማለት ነው። ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ፣ ማለትም ደካሞቹ ከጎበዞቹ በልጠው ከመለሱት፣ መጀመሪያ የመልስ ቁልፉን ይፈትሹ፤ ቁልፉ ትክክል ከሆነ የጥያቄው አገላለጽ አሻሚ መሆኑን ይመርምሩ። የክብደት ደረጃውን ለማወቅ ደግሞ በትክክል የመለሱትን ለጠቅላላው ተፈታኝ ማካፈል በቂ ነው። የሁለት ወይም የሦስት ሴሚስተር ፈተና በዚህ መንገድ ከተነተኑ በኋላ፣ ጥያቄዎቹን አሻሽለው ለውጡን ማነጻጸር ይችላሉ።