ከትንንሽ አሳታሚዎች የሚወጡትን አዳዲስ የሃውስና የቴክኖ ሸክላዎች እንዴት ትመርጣላችሁ?

ጥያቄ፦ ሌሊት አዳማጭ

ሰላም ለሁላችሁ። ሃውስና ቴክኖ የሚባሉትን የኤሌክትሮኒክ የዳንስ ሙዚቃዎች ለዓመታት ሳዳምጥ ቆይቼ ባለፈው ዓመት የሸክላ ማጫወቻ ገዛሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን የደስታውን ያህል ግራ መጋባቱም በዝቶብኛል። በየሳምንቱ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው አሳታሚዎች ባለ 12 ኢንች ሸክላ ያወጣሉ፤ መሸጫ ገጾቹ ደግሞ ሁሉንም «ጥልቅ»፣ «ጥሬ»፣ «ለሌሊቱ ማብቂያ የተሠራ» በሚሉ ተመሳሳይ ቃላት ያሞግሷቸዋል። የ2 ደቂቃ ቅንጫቢ ሰምቼ አዝዛለሁ፤ ሸክላው እጄ ሲገባ ግን ከአራቱ ሥራዎች ደግሜ የምሰማው አንዱን ብቻ ይሆናል። ላስብበት ብዬ ስቆይ ደግሞ 300 ቅጂ ብቻ ታትሞ ኖሮ ያልቅብኛል። እናንተ ከዚህ ሁሉ መካከል የሚበጀውን የምትለዩት በምንድን ነው? የቅጂውስ ቁጥር እንዲህ የሚያንሰው ሆን ተብሎ ገዢን ለማስቸኮል ነውን?

መልስ፦ ሸንተረር

እኔ የምከተለው የአሳታሚውን ስም ሳይሆን በዙሪያው ያሉትን ሰዎች ነው። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ የአሳታሚ ስም በአንድ ዓመት ተወልዶ በሦስተኛው ሊጠፋ ይችላል፤ አንድ ሙዚቀኛም በአራት የተለያዩ ስሞች ያወጣል፤ ሰዎቹ ግን ያው ናቸው። ነገሩ ከጥንስሱም እንዲሁ ነበር። አሜሪካ፣ ዲትሮይት ውስጥ ከቴክኖ ሙዚቀኞቹ ጁዋን አትኪንስ እ.ኤ.አ. በ1985 ሜትሮፕሌክስን፣ ዴሪክ ሜይ በ1986 ትራንስማትን አቋቋሙ፤ ኬቪን ሳንደርሰንም ኬኤምኤስ የተባለውን የራሱን አሳታሚ መሠረተ። ሦስቱ አብረው የተማሩ ጓደኛሞች ስለነበሩ የአንዱን ሸክላ የወደደ ሰው ወደ ሁለቱ ለመድረስ ማስታወቂያ አላስፈለገውም።

በርሊን ላይ ሰዎቹን የሚያያይዘው ክር ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ማርክ ኧርኔስቱስ በ1989 ሃርድ ዋክስ የተባለውን የሸክላ መደብር ከፈተ፤ ከሞሪትዝ ፎን ኦስዋልድ ጋር ሆኖ በ1993 ቤዚክ ቻነል የተባለውን አሳታሚ ጀመረ፤ ደብፕሌትስ ኤንድ ማስተሪንግ የተባለው የሸክላ መቁረጫ (ሙዚቃው በዲስክ ላይ በሸንተረር የሚቀረጽበት) ስቱዲዮም የወጣው ከዚሁ ክበብ ነው። ቤዚክ ቻነል በዋናው ተከታታይ ያወጣቸው ባለ 12 ኢንች ሸክላዎች ከ01 እስከ 09 ዘጠኝ ብቻ ናቸው፤ በመካከለኛው ወረቀት ላይ የታተመው ስምም ከሸክላ ወደ ሸክላ እየደበዘዘ ይሄዳል። ሙገሳ ይቅርና ስማቸውን እንኳ በቅጡ ያላስነበቡ ሰዎች ሥራ ይኸው ዛሬም ይፈለጋል።

እርስዎም አሁን ያሉዎትን ሸክላዎች ይመርምሩ። አንዱን በመብራት ሥር ዘንበል አድርገው ይዘው፣ ሙዚቃው ከሚያልቅበት ሸንተረር እስከ መካከለኛው ወረቀት ያለውን ለስላሳ ቀለበት ያስተውሉ። በሹል ነገር የተጫረ ጽሑፍ ያያሉ፤ ብዙ ጊዜ የሸክላው መለያ ቁጥር ይቀድማል፣ የገጹ ፊደል ይከተላል፣ ከዚያ ወዲያ የቆራጩ ምልክት፣ አንዳንዴም ቀልድ ይኖራል። የብዙዎቹን የዲትሮይት ሸክላዎች ማስተር፣ ማለትም ቅጂዎቹ የሚወጡበትን የመጀመሪያ ዲስክ፣ የቆረጠው ሮን መርፊ «ኤንኤስሲ» የሚሉትን የስቱዲዮውን ፊደላት በዚያ ቀለበት ላይ ያሰፍር ነበር። ምልክቱን ዲስኮግስ በተባለው የሸክላዎች መዝገብ ድረ ገጽ ላይ ቢፈልጉት በዚያው እጅ የተቆረጡ ሌሎች ሸክላዎች ይመጡልዎታል። ከዚህ በተጨማሪ አከፋፋዩን ይመልከቱ፤ አከፋፋዩ የማሳተሚያውን ወጪ ቀድሞ ከፍሎ ከሽያጩ የሚያነሣበት ውል የተለመደ በመሆኑ፣ አንድን ሸክላ ሲቀበል የራሱን ገንዘብ አስይዞ ነውና ምርጫው ከማስታወቂያ ጽሑፍ ይልቅ ይታመናል።

መልስ፦ ሁለት መርፌ

በቅንጫቢው ላይ ጥቂት ልጨምር፤ ስህተቱ ያለው እዚያ ይመስለኛልና። የዚህ ሙዚቃ አንድ ሥራ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይረዝማል፤ ሻጩ ቆርጦ የሚያሰማዎት ሁሉም መሣሪያ የገባበትን መካከሉን ነው። የሥራው ብርታት ያለው ግን በአብዛኛው በለውጡ ላይ ነው፤ ከበሮው ብቻውን ጀምሮ፣ ከ32 ምት በኋላ ሃይ-ሃት የሚባለው የጸናጽል ድምፅ ሲታከልበት፣ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ለአፍታ ጠፍቶ ሲመለስ። ስለዚህ ሙሉውን የሚያሰማ ገጽ ፈልጉ፤ ባንድካምፕ በተባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ብዙዎቹ ትንንሽ አሳታሚዎች ሙሉውን ክፍት ያደርጉታል። እኔ የመጀመሪያውን 1 ደቂቃና የመጨረሻውን 1 ደቂቃ ሳልሰማ አልገዛም፤ መግቢያውን ያልተጨነቀበት ሰው መካከሉንም አልተጨነቀበትም ባይ ነኝ።

በአንድ ገጽ ላይ ስንት ደቂቃ እንደተጫነም ይቁጠሩ። በደቂቃ 33⅓ ዙር በሚዞር ባለ 12 ኢንች ሸክላ ላይ፣ መርፌው ዳር ላይ ሳለ ከሥሩ በሰከንድ 50 ሴንቲሜትር ገደማ ሸንተረር ያልፋል፤ ወደ መካከሉ ሲጠጋ ይህ ወደ 20 ሴንቲሜትር ይወርዳል፤ የሃይ-ሃቱ ድምፅ መጨረሻ ላይ የሚሻክረው በዚህ ምክንያት ነው። በ45 ዙር የተቆረጠ፣ በየገጹ አንድ ሥራ ብቻ የያዘ ሸክላ ውድ ቢመስልም ድምፁ ይክሰዎታል። አራት ሥራ ተጨናንቆበት ካዩ ግን የየገጹ ሁለተኛ ሥራ ደከም ብሎ ቢሰማዎት አይደነቁ።

የ300ው ነገር ባብዛኛው ተንኮል አይደለም። ማስተሩን ለማስቆረጥ፣ በኒኬል ለማስለበጥና ማተሚያውን ቅርጽ ለማዘጋጀት የሚወጣው ገንዘብ 100 ቅጂም ታተመ 1000 ያው ነው፤ ትንሹ አሳታሚ ይህን ወጪ የሚያካክስለትን ያህል አሳትሞ ያቆማል፤ ያልተሸጠ ሸክላ በካርቶን ታጭቆ መኝታ ቤቱን እንዲሞላበት የሚፈልግ የለም። «ዳግም አይታተምም» ብሎ ሦስት ጊዜ የሚያሳትምም አይጠፋም፤ ስለዚህ ባያገኙት ብዙ አይጨነቁ።

መልስ፦ ደንበኛ ነበርኩ

ከላይ ያሉት ወገኖቼ ሸክላን ስለሚወዱ ያልነገሩዎትን ልንገርዎ። እኔ ከአንድ ትንሽ አሳታሚ ቀድሜ ከፍዬ ያዘዝኩት ሸክላ ከተባለው ቀን 8 ወር ዘግይቶ መጣ፤ የመካከሉ ቀዳዳ ከማዕከሉ ስቶ ስለተበሳ ረጅሙ የኦርጋን ድምፅ በየዙሩ ይዋልል ነበር፤ ለጻፍኩት አቤቱታ መልስ የሰጠኝ የለም። በእርግጥ መዘግየቱ ሁልጊዜ የአሳታሚው ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ካሊፎርኒያ ውስጥ አፖሎ ማስተርስ የተባለው ፋብሪካ ሲቃጠል፣ ማስተር የሚቆረጥበትን የላከር ዲስክ በዓለም ላይ ከሚያመርቱት ሁለት ድርጅቶች አንዱ ነው የጠፋው። ያም ሆኖ እኔ አሁን ፋይሉን እገዛለሁ፤ ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ በመደበኛነት የሚወስደው 15 በመቶ በመሆኑ፣ ከክፍያ ማስተላለፊያው ሌላ የቀረው ለሠራው ሰው ይደርሳል። ሸክላውን የምገዛው ፋይሉን ለሁለት ወር ሰምቼ ካልሰለቸኝ ብቻ ነው፤ በዚያን ጊዜ ካለቀ ደግሞ አለቀ።

መልስ፦ ሁለት መርፌ

ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ምክር ትክክል ነው። በሁለት ሸክላ መካከል እያሸጋገረ ለሚያጫውት ግን ሁለት ወር መጠበቅ ይከብዳል። ቀዳዳው የሳተው ሸክላ ግን ሊለወጥልዎት ይገባ ነበር።

ሌሊት አዳማጭ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ሸክላዎቼን አንድ በአንድ በመብራት ሥር አየኋቸው። ደጋግሜ ከምሰማቸው አምስቱ መካከል ሦስቱ ላይ ያው የቆራጭ ምልክት አለ፤ አሳታሚዎቻቸው ግን ሦስት የተለያዩ ናቸው። ችግሩ ያው ምልክት ገዝቼ በተጸጸትኩበት በአንዱም ላይ መገኘቱ ነው። እርሱን ከቅንጫቢው ሌላ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሬ ሰምቼው አላውቅም ነበርና ዛሬ እንደገና መርፌ ላሳርፍበት ነው።