ማኅተሙ የቤጂንግ፣ አገሩ የማን? ስለ ቲቤት ዳርቻ ጥያቄ አለኝ

የቱሉ ዲምቱዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስለ ቲቤት ምሥራቃዊ ዳርቻ እያነበብኩ ነው፣ ካምና አምዶ ስለሚባሉት አገሮች። አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። ያኔ ቻይናን የሚገዛው የቺንግ ሥርወ መንግሥት ቤተ መንግሥት የጻፈውን ስታዩ አገሩ ሁሉ ገብሯል፣ አባወራው ተቆጥሯል፣ ባላባቱ ማኅተም ተቀብሏል። የአገሬው መነኮሳት የጻፉትን ስታዩ ግን የሚፈርደውም የሚያስገብረውም የራሳቸው ባላባት ወይም ላማ (የቡድሃ ሃይማኖት መምህር) ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሩቅ ሆኖ ለገዳም ስጦታ የሚልክ ደግ ሰው ነው። ታዲያ አገሩን የሚገዛው ማን ነበር?

ሰበታ ነኝ፦
እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ቱሲ የሚባለውን ሥርዓት ካየሽው ይገባሻል። ቤጂንግ አዲስ ሰው አትልክም። ሕዝቡ ድሮም የሚታዘዝለትን ባላባት ፈልጋ ማዕረግና ማኅተም ትሰጠዋለች፣ ሲሞት ልጁ ይተካል፣ እሷ ታጸድቃለች። እሱ በበኩሉ ግብር ይልካል፣ ጦር ሲጠሩት ይወጣል፣ ከዳርጼዶ ከተማ በሊታንግና በባታንግ አድርጎ የቲቤት ዋና ከተማ ላሳ የሚገባውን መንገድ ይጠብቃል፣ ሹም ሲያልፍም ገበሬው የጭነት ከብት እንዲያቀርብ ያዛል። አባ ጅፋርን አስቢ። ለምኒልክ ገበሩ፣ ጅማን ግን ራሳቸው ያስተዳድሩ ነበር፤ ይህ የቀረው በ1932 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)።

ከሱሉልታ፦
ጋሼ ያሉት እውነት ነው፣ ግን በጣም አለሰለሱት። ማኅተም የያዘ ባላባት ሲያስቸግር ጦር ይመጣበታል። በዚሁ ዳርቻ ባለው ጂንቹዋን በሚባል አገር ላይ ሁለት ጊዜ ዘምተዋል፣ ከ1747 እስከ 1749 እና ከ1771 እስከ 1776። የአገሬው ሰው ረጃጅም የድንጋይ ማማ ውስጥ ሆኖ ሲዋጋ፣ ሁለተኛው ዘመቻ ብቻ ከ60 ሚሊዮን ቴል (የቻይና የብር መመዘኛ) በላይ ብር በላ። ሲያልቅ ባላባቶቹ ተሻሩ፣ መሬቱ ላይ ወታደር ሰፈረ።

እኔን ግን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ አምዶ ያለው የጎንሉንግ ገዳም ነገር ነው። አምዶ ውስጥ በኮኮኖር ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩ ሞንጎሎች በ1723 በሎብሳንግ ዳንጂን መሪነት ሲያምፁ ገዳማቱም አብረዋል ተባለና በ1724 የቺንግ ጦር ጎንሉንግን አቃጠለው። የገዳሙ ሕፃን ላማ፣ ቻንግክያ የሚሉት፣ ያኔ 7 ዓመት ገደማው ነው። ቤጂንግ ወሰዱት። እዚያ ከአንድ ልዑል ጋር አደገ፤ ያ ልዑል በኋላ ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ሆነ፣ ላማውም መምህሩ። ገዳሙም በ1732 በቤተ መንግሥት ፈቃድ እንደገና ተሠራ። እስቲ አስቡት፣ የዚያ ገዳም መነኩሴ ታሪክ ሊጽፍ ሲቀመጥ ስለ ቤጂንግ ምን ይበል? ያቃጠለውም ያሠራውም ያው ዙፋን ነው።

የቱሉ ዲምቱዋ፦
7 ዓመት! የኔ ትንሹ እኩያ እኮ ነው። እሺ፣ ባላባቶቹ በብዛት የተሻሩትስ መቼ ነው?

ሰበታ ነኝ፦
ካም ውስጥ ከ1905 በኋላ። ፌንግ ቺዋን የሚባል ሹም ባታንግ ላይ የመነኮሳቱን ቁጥር ልቀንስ ሲል ሕዝቡ ተነሥቶ ገደለው። ከዚያ ዣው ኧርፌንግ የሚባል የቺንግ ሹም ጦር ይዞ መጣ። ገዳም ደበደበ፣ ባላባት እየሻረ ከመሃል አገር ሹም ተካ፣ «አራጁ ዣው» ተባለ። ቺንግን በጣለው የ1911 አብዮት እሱም ቼንግዱ ከተማ ላይ ተገደለ፣ ከሠራውም ብዙው ፈረሰ።

የለገጣፎ ልጅ፦
እኛ ቤት በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የቅድመ አያቴ ወረቀት አለ። ጠርዙን ብል በልቶታል፣ ማኅተሙ ወይን ጠጅ ነው። ልጅ ሆኜ «ጃንሆይ ያከበሩን ወረቀት» ሲባል ነው የሰማሁት። አምና አውጥቼ ሳነበው የመሬት ግብር ደረሰኝ ነው። አያቴ ግን አልዋሸም። ያንን የያዘ ሰው «መሬቱ የኔ ነው» ብሎ አፉን ሞልቶ ይናገር ነበር፣ ለሱ ክብር ማለት ያ ነው። የካም ባላባት ቤት «ማኅተም ተሸለምን» ሲል፣ ቤጂንግ «ገበሩ» ብላ ስትመዘግብ፣ የሚያወሩት ስለ አንድ ዕቃ ነው።

ማን ይገዛ ነበር ለሚለው ግን፣ እህቴ፣ ማኅተሙን ተይውና ሰው ሲጨንቀው የደረሰለት ማን እንደሆነ እዪ። ካም ውስጥ ኛሮንግ የሚባል አገር አለ። ባላባቱ ጎንፖ ናምግያል ጎረቤቶቹን እየወረረ አገር ሲያስጨንቅ፣ በ1865 ድል ያደረገው ከላሳ የመጣ ጦር ነው። አገሩንም ላሳ ያዘችው፣ ገዥም ላከችበት። ቤጂንግም ተወችላት።