«እዚህ ሳልፍ ሆዴ ይብሰኛል»፦ ማን አስከፋቸው?

የሰባራ ባቡር ልጅ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ትናንት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በታክሲ ስሄድ አጠገቤ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። ዶሮ ማነቂያ የነበረበት አካባቢ ስንደርስ በመስኮት አዩና «እዚህ ሳልፍ ሆዴ ይብሰኛል» አሉ። ሰፈሩ በ2016 መፍረሱን ታውቃላችሁ። ግን ሴትዮዋ አልተቆጡም፣ ማንንም አልወቀሱም። እኔ ሆድ መባስን የማውቀው ከቅያሜ ጋር ነው። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ማለት አልነበረባቸውም?

ዘግዕዝ፦ ሥሩን ያዝ ወንድሜ። ግዕዙ ብእሰ ነው፣ ከፋ ማለት። አማርኛ «እ»ን ዋጠና ባሰ አለ። «በሽተኛው ባሰበት» የምንለውም እሱው ነው። ሆድ ባሰ ማለት ሆድ ከፋ ማለት ነው፣ አለቀ። ቅያሜን ከየት አመጣኸው?

ቀበና ማዶ፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከዚያው ሥር ተባአሰ አለ፣ ተጣላ ማለት። ጠቡ ሥሩ ውስጥ ነው። ብእሲም ከዚሁ የወጣ ይመስለኛል፤ ሰው ተጣይ ፍጥረት ነዋ!

ዘግዕዝ፦ ብእሲን ለጊዜው ተዪው፣ እሱ የራሱ ቀን ይፈልጋል። ዳዊት የደገመ ሰው መዝሙር 41ን ያውቃል፦ «ለምንት ትቴክዚ ነፍስየ»። ሴትዮዋን የያዛቸው ይኸው ነው፣ ትካዜ።

ፎቅ ላይ፦ ሆደ ባሻ የሚለውስ? «ባሻ እከሌ» ከሚባለው ማዕረግ የመጣ አይመስላችሁም? ሹም ቶሎ ይከፋዋል።

ቀበና ማዶ፦ በፍጹም። የማዕረጉ ባሻ ከቱርኩ ፓሻ ነው። የሆደ ባሻ «ሸ» ከ«ሰ» የተለወጠ ነው። ከሰሰ ከሳሽ፣ ፈረሰ ፈራሽ እንደምንለው።

እትዬ ቡና፦ ልጆች፣ ሥሩን ስትቆፍሩ ቃሉን ረሳችሁት። ትካዜ እንባ የለውም፣ ሰው ተክዞ ጥጥ ሊፈትል ይችላል። ሆድ ሲብስ ግን እንባው ጉሮሮ ላይ ነው። ሕፃን ሲሮጥ ይወድቃል። ይነሳል፣ ጉልበቱን ያራግፋል፣ ዝም ይላል። እናቱን ሲያይ ከንፈሩ ይንቀጠቀጥና እሪ ይላል። ያን ጊዜ ነው «ሆድ ባሰው» የምንለው። ጉልበቱ መጀመሪያም አሞታል፤ ሆዱ የባሰው ግን የእሱ የሆነ ሰው ሲያይ ነው። «አይዞህ» ካሉትማ አበቃ። ሆደ ቡቡ ደግሞ ሌላ ነው፣ ሆዱ የሚባባው ለሰው ነው። ሆደ ባሻ ለራሱ ያለቅሳል፣ ሆደ ቡቡ ለጎረቤት። እኔ ሁለቱን የሚቀላቅል ሰው ስሰማ ያመኛል።

ቀበና ማዶ፦ እትዬ፣ ታዲያ «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ለምን ተባለ? ማጭድ የሚከለከለው ለአልቃሻ አይደለም። ሰው ሊጎዳ ለሚችል ነው። ቁጣ አለበት ማለት ነው።

እትዬ ቡና፦ ሌላውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ሊጎዳ ስለሚችል ነዋ የኔ ልጅ።

ፎቅ ላይ፦ «ሆድ አታስብሰኝ» ስንልም ፊት ለፊት የቆመ ሰው አለ። ያለ አስከፊ አይሆንም።

ዘግዕዝ፦ ስሙ። ግስ ያልወረደ ሰው በምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ አይከራከርም። በ1948 የታተመውን የኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ግለጡ። በአበገደ ተራ ስለሆነ በሀለሐመ ልማድ እንዳትፈልጉ፤ «በ» ከ«አ» ቀጥሎ ነው።

የሰባራ ባቡር ልጅ፦ አመሰግናለሁ መምህር፣ እገልጣለሁ። ግን እኚህ እናት ልክ ናቸው ወይስ አይደሉም?

ቀበና ማዶ፦ ቆይ፣ «ሆዴ» ነው «ሆድ» ነው ያሉት? «ሆድ ይብሰኛል» ካሉ እንደ «ይርበኛል» ነው፣ ባለቤቱ አይታይም። «ሆዴ» ካሉ ግን ባለቤቱ ሆዳቸው ነው።

የሰባራ ባቡር ልጅ፦ «ሆዴ» ነው ያሉት።

ዘግዕዝ፦ እንግዲያው ከዘርፍና ባለቤት እንጀምር።