ትልቅ ቸርኬ የገጠመች የኤሌክትሪክ መኪና ቦሎ ትከልከል ወይ?

አወያይ፦ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መሃል ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል፤ የቸርኬው ገበያም አብሮ ደርቷል። በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ከፋብሪካው መጠን የወጣ ቸርኬ ያደረገ ሁሉ ይጣል የሚሉ አሉ። ንብረቴ ነው፣ ምን አገባችሁ የሚሉም አሉ። ለክርክሩ እንዲመች ቴስላ ሞዴል 3ን እንያዝ፤ 18 ኢንች ቸርኬና 235/45 ጎማ (ስፋቱ 235 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ) ይዞ የሚመጣውን። ስድብ የለም። ቁጥር ያለው ይግባ።

ባለ 20፦ «ትልቅ ቸርኬ» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። 235/45 በ18 ላይ የለበሰ ጎማ ቁመቱ 669 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 235/40 በ19 ላይ 671፣ 235/35 በ20 ላይ 672 ከግማሽ። ልዩነቱ 4 ሚሊሜትር አይሞላም። የፍጥነት መቁጠሪያው አይዛባም፣ ፓራፋንጎም አይነካም። ፋብሪካው ራሱ ለዚሁ ሞዴል 18ም 19ም 20ም ገጥሞ ሸጧል። ታዲያ «ከፋብሪካ የወጣው» የትኛው ነው? መንገዱም ቢሆን የድሮው አይደለም። ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከቸርችል ወደ ሜክሲኮ ሂዱና እዩ፤ የኮሪደሩ አስፋልት ምንጣፍ ነው።

ጎሚስታ ዘ ተክለሃይማኖት፦ ቁመቱ አልተለወጠም ማለትህ ልክ ነው። የተለወጠው ጎኑ ነው። በ18 ላይ ከቸርኬው ከንፈር እስከ አስፋልቱ 106 ሚሊሜትር ጎማ አለህ፣ በ19 ላይ 94፣ በ20 ላይ 82 ብቻ። ምንጣፉም እስከ መታጠፊያው ድረስ ነው ወንድሜ። ወደ ውስጥ ለውስጡ ስትገባ የተነሣ ኮብልስቶን አለ፣ አራት ጣት የሰመጠ የማንሆል ክዳን አለ፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ውሃ ይተኛበትና ጭራሽ አታየውም።

ሲመታ የሚሆነውን ልንገርህ። የጉድጓዱ ጠርዝና የቸርኬው ከንፈር ጎማውን መሃል አድርገው ይቆነጥጡታል። ጎኑ ውስጥ ካሉት ክሮች ሁለት ሦስቱ ይበጠሳሉ። ያኔ ምንም አይታይም። በነጋታው ፀሐይ ላይ ሲቆም ጎኑ እንቁላል ያህል ያብጣል። ያ ጎማ አይጠገንም፤ ክሩ ተበጥሷልና ፓች አይዘውም። ቸርኬው ደግሞ የሚታጠፈው በውስጥ በኩል ባለው ከንፈር ነው፣ ከውጭ ቆንጆ ሆኖ ይታያል። ባላንስ ማሽን ላይ ሲሽከረከር ብቻ ነው የሚታወቀው። ሰው ቫልቩ ነው እያለ ሁለት ሳምንት ንፋስ ይሞላል።

ሒሳብ አዋቂ፦ እኔ ይጣል ባይ ነኝ፣ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ጎማው ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈውን ቁጥር ማንም አያነብም። 98 ማለት 750 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 96 ማለት 710፣ 94 ማለት 670፣ 92 ማለት 630፣ 91 ደግሞ 615። የዚህ መኪና ባለ ሁለት ሞተሩ ባዶውን ከ1.8 ቶን ያልፋል፤ አምስት ሰውና ሻንጣ ጨምሩበት። ለ235/45 በ18 ፋብሪካው የሚያደርገው 98 ነው። ሱቅ ሄደህ «ያው መጠን ነው» ተብለህ 94 ከገዛህ በአንድ ጎማ 80 ኪሎ ተበልተሃል። መኪናው ቀላል ቢሆን ግድ የለም ነበር፤ ባትሪ ተሸክሞ ግን አይሆንም።

ባለ 20፦ ታዲያ ቁጥሩን አንብቦ መጣል ነው እንጂ ቸርኬውን ምን አደረገ?

ሾፌሯ ከአራት ኪሎ፦ ባትሪውን አትርሱ እንጂ። ትልቅ ቸርኬ ኪሎሜትር ይበላል። በ2021 የአሜሪካ ይፋ መለኪያ 18 ያደረገው ሎንግ ሬንጅ የሚባለው ሞዴል 3 568 ኪሎሜትር ሲሰጠው 20 ያደረገው ፐርፎርማንስ የሚባለው 507 ነው የተሰጠው።

ሒሳብ አዋቂ፦ እህቴ፣ ልዩነቱን ሁሉ ለቸርኬው አታሸክሚው፤ በሁለቱ ላይ ያለው ጎማም ሌላ ነው። ደግሞ ያ መለኪያ አውራ ጎዳና አለበት። እዚህ ከስታዲየም ለገሃር በ30 እየተሳብን መኪናውን የሚቃወመው አየር የሚያስከፍለን ትንሽ ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የቸርኬው ክብደትም ቢሆን ፍሬን ሲያዝ ከፊሉን ሞተሩ ይመልሰዋል። ኪሎሜትር የሚበላው በአብዛኛው የጎማው ዓይነትና የንፋሱ ማነስ ነው። በዚህ ነጥብ ከባለ 20 ጋር ነኝ፣ ሳልወድ።

ከሶማሌ ተራ፦ የቸርኬ ሱቅ አቅራቢያ ላለን ሰዎች አንድ ነገር መልሱልን። የካምሪና የራቭ 4 ቸርኬ ሞልቷል፣ ቡሎኑ 5 በ114.3 ነው፣ ማለት አምስት ቡሎን በ114.3 ሚሊሜትር ክብ ላይ። ሞዴል 3ም 5 በ114.3 ነው። ርካሽ ነው። ለምን አይገጠምም?

ጎሚስታ ዘ ተክለሃይማኖት፦ የቶዮታው የመሃል ቀዳዳ 60.1 ነው፤ የቴስላው ሀብ (ቸርኬው የሚቀመጥበት የመሃል ብረት) 64.1። ጭራሽ አይገባም። ቶርኖ ቤት ወስደው 4 ሚሊሜትር ያስፍቁታል። ማዕከሉን ሳይስት ከተፋቀ ይገባል እንበል። ከዚያስ? የቶዮታው ቡሎን ኤም 12 ነው፣ ማለት 12 ሚሊሜትር ውፍረት፤ የቴስላው ኤም 14፣ በጥርስና በጥርሱ መካከል 1.5 ሚሊሜትር። የዳዶው መቀመጫ ለቀጭኑ የተሠራ ስለሆነ ወፍራሙ ዳዶ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ከሁሉ የከፋው የሆንዳ አኮርድ ቸርኬ ነው፣ ምክንያቱም ሰውን ያታልላል። የመሃል ቀዳዳው ልክ 64.1 ስለሆነ ሀቡ ላይ ልክክ ይላል። ግን የሆንዳ መቀመጫ እንደ ኳስ ክብ ነው፣ የቴስላ ዳዶ 60 ዲግሪ ሾጣጣ። ሾጣጣው ክቡን የሚነካው በአንድ ቀጭን መስመር ነው። ስታጠብቀው የጠበቀ ይመስላል፤ ሲነዳ አሉሚኒየሙ ይበላና ይላላል።

በተቃራኒው ቀዳዳው የሰፋ፣ 73.1 የሆነ ከመጣ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከ73.1 ወደ 64.1 የሚያጠብ ቀለበት። ቀለበቱን ረስተው የሚገጥሙ አሉ፤ ከዚያ መሪው በ80 እና በ100 መካከል ሲንቀጠቀጥ ባላንስ ሦስት ጊዜ ያሠራሉ።

ባለ 20፦ ይኸው! ራስህ መሰከርክ። ሁሉም የአገጣጠም ጥፋት ነው። በ18ም ይሠራል ይህ ጥፋት። መጠኑን ከልክሎ ማን ሊድን ነው?

ሾፌሯ ከአራት ኪሎ፦ መርማሪው ለአንድ መኪና ያለው ጊዜ ስንት ነው? ቸርኬ ፈትቶ የዳዶ መቀመጫ ሊያይ ነው? መጠን ግን ቆሞ ይነበባል። የሚለካ ነገር ካልሆነ ደግሞ ወደ ድርድር ይሄዳል፣ ድርድሩ የት እንደሚያልቅ ታውቁታላችሁ።

ከሶማሌ ተራ፦ እሱም አይሠራም። የፋብሪካውን ቸርኬ ለግማሽ ቀን ተውሶ፣ ቦሎውን ለጥፎ፣ ማታ መመለስ ነው።

ሒሳብ አዋቂ፦ ሳይፈታ የሚታይ ብዙ አለ። ቸርኬው ጀርባ ላይ የሚሸከመው ኪሎ ተቀርጾ ይወጣል፣ 690 ወይም 725 ተብሎ። በሩ ምሰሶ ላይ ካለው ሰሌዳ የኋላውን አክስል ከፍተኛ ጭነት ለሁለት ማካፈል ነው። 1,250 ቢሆን 625 ይደርሳል፤ ከዚያ በታች የሚሸከም ቸርኬ ይጣል። ምንም ቁጥር የሌለውም ይጣል። ጎማው ከፓራፋንጎ ወጥቶ ከሆነ ይጣል። ይህን ሁሉ በባትሪ መብራት ጎንበስ ብሎ ማየት ይቻላል።

ጎሚስታ ዘ ተክለሃይማኖት፦ አርጎን የተበየደውንም ጨምርበት። ውስጠኛው በርሜል ላይ የብየዳ መስመር ካለ በ16ም ይሁን በ20 ይጣል። አሉሚኒየሙ ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ ሙቀት በስሎ ነው፤ ብየዳው ዙሪያውን ያለሰልሰዋል። ቀጣዩ ስንጥቅ ከብየዳው ጎን ይጀምራል። የተቀባ ከሆነ ቀለሙ ከሌላው ቦታ ይወፍራል፣ በጣት ይታወቃል።

በመጠኑ ጉዳይ ግን አቋሜን ልናገር። 20 ይከለከል አልልም፣ ለዚህ ከተማ ግን ሞኝነት ነው። 18 ላይ መቆየት ነው። እንዲያውም 17 ላይ 235/50 ቢለብስ ቁመቱ 667 ይመጣል፣ ጎኑ 117 ይሆናል። ጣጣው የፍሬኑ ካሊፐር፣ ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል ነው፤ አንዳንዱ 17 ይነካዋል፣ ስለዚህ ጎማ ሳይለብስ ባዶ ቸርኬውን አስገብቶ በእጅ ማዞር።

ከሶማሌ ተራ፦ አሁን ገበያው ላይ ያለው 18 በ9.5 ኢንች ስፋት፣ ኦፍሴቱ (ሀቡን የሚነካው ፊት ከቸርኬው ወርድ መሃል ወደ ውጭ የራቀበት ሚሊሜትር) 35 ነው። የፋብሪካው 8.5፣ ኦፍሴት 40 ነው። ምን ይሆናል?

ሒሳብ አዋቂ፦ አንድ ኢንች ሰፋ ማለት በየጎኑ 12.7 ሚሊሜትር ነው። ኦፍሴቱ በ5 ስለቀነሰ ወደ ውጭ 17.7 ይወጣል፣ ወደ ውስጥ 7.7 ይገባል። መሪውን እስከ መጨረሻ በሁለቱም በኩል ጠምዝዝ፣ የኋላ ወንበር ላይ ሦስት ሰው አስቀምጥ፣ ከዚያ ጣትህ በሁሉም ቦታ ያልፍ እንደሆነ እይ። ስፔሰር (በሀቡና በቸርኬው መሃል የሚገባ ቀለበት) ብለህ ደግሞ 10 ሚሊሜትር እንዳታስገባ። የቡሎኑ ጥርስ ከዳዶው ጋር የሚያያዘው በዚያው 10 ያጥራል። ዳዶው በእጅ ቢያንስ 9 ዙር ካልዞረ አይነዳም።

ባለ 20፦ እሺ፣ ሰኞ ለሚገጥም ሰው ቅደም ተከተሉን በአጭሩ ጻፉለት። ክርክሩ ይቀጥላል።

ጎሚስታ ዘ ተክለሃይማኖት፦ ክሪኩ የሚቀመጠው ወለሉ ላይ ባሉት አራት ነጥቦች ብቻ፣ ያውም የጎማ ታኮ ተደርጎ። ሌላ ቦታ ከነካ ባትሪውን ነው የሚወጋው። ሀቡን በብረት ብሩሽ ከዝገት ማጽዳት። የዳዶው መቀመጫ ላይ ቀለም ካለ መፋቅ፤ ቀለሙ ሲደቅ ዳዶው ይላላል። በእጅ ማስገባት፣ በኮከብ ቅርጽ ተራ ማጥበቅ፣ መኪናው መሬት ነክቶ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) 175 ኒውተን ሜትር መጨረስ። ንፋሱ በቀዝቃዛው 42 ፒኤስአይ። ከጅቡቲ ተሞልቶ የመጣ ጎማ ሳይነካ፣ ሙቀቱ እኩል ከሆነ፣ እዚህ 3 ከግማሽ ያህል ጨምሮ ያሳያል፤ ጌጁ የሚለካው ከውጭው አየር ጋር አስተያይቶ ስለሆነ እዚሁ መልሶ ማስተካከል ነው። መኪናው ስክሪን ላይ የቸርኬውን መጠን ለውጡ፣ ካለዚያ የሚቀረውን ኪሎሜትር ይሳሳታል። አሮጌው ጎማ ውስጥ ስፖንጅ ካለ ጎሚስታው ፓች ሳያደርግ በፊት ያንን ቦታ መላጥ አለበት። ስኮርታ እንደሌለውም አትርሱ።

ባለ 20፦ ቶርክ ሬንች የሌለው ጎሚስታስ? በመስቀል ቁልፍ እግሩን ጭኖ ነው የሚያጠብቀው።

ጎሚስታ ዘ ተክለሃይማኖት፦ ከመሃሉ 40 ሳንቲሜትር ርቆ 70 ኪሎ ሰው ከቆመበት 275 ይገባል። ቡሎኑ ይለጠጣል። ለ175 በዚያ ቁልፍ ላይ 45 ኪሎ ይበቃል፤ በእጅ መጫን እንጂ መቆም አይደለም። ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላ መልሶ ማጥበቅ፣ ጠዋት መኪናው ሳይሞቅ።