ልጆቻችን ሳይታዘዙ የቤት ውስጥ ሥራ እንዲሠሩ ከምን እንጀምር?

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። የ12 ዓመት ወንድ እና የ9 ዓመት ሴት ልጆች አሉኝ። ለአምስት ዓመት አብራን የኖረችው የቤት ሠራተኛችን ባለፈው ወር ትዳር ይዛ ስትወጣ፣ ልጆቼ የራሳቸውን ካልሲ እንኳ አጥበው እንደማያውቁ ተረዳሁ። ሌላ ሠራተኛ ከመቅጠር ይልቅ እነርሱን ማስተማር መርጫለሁ። ይሁን እንጂ «ሳህኑን አንሣ፣ ውኃ ቅጂ» ካላልኩ በቀር ማንም አይንቀሳቀስም፤ አማቴም ወንዱ ሽንኩርት ሲልጥ ባዩት ቁጥር ቢላዋውን ተቀብለው ለእህቱ ይሰጧታል። ከምን ልጀምር? ለዕድሜያቸው አደገኛ የሚሆነውስ የትኛው ሥራ ነው?

መልስ 1 (እናት፣ ባሕር ዳር)

እህቴ፣ ልጆቻችን መላላክን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። የተላከ ልጅ ግን የተባለውን አምጥቶ ይመለሳል እንጂ ስለ ሥራው አያስብም፤ የሚያስበው ላኪው ነው። ስለዚህ አንድ ሥራ ከነሐሳቡ ያስረክቧቸው። እኔ የበኩር ልጄ 12 ዓመት ሲሞላው የረቡዕንና የዓርብን እራት፣ ማለትም ሽሮውን፣ አስረከብኩት። ሥራው ድስት ማማሰል ብቻ ሳይሆን ሽሮው፣ ሽንኩርቱና ዘይቱ መኖራቸውን ከዋዜማው ማየትንም ይጨምራል። ሦስት ሳምንት ከጎኑ ቆሜ ሽንኩርቱን እንዴት እንደሚያቁላላ፣ ዱቄቱ እንዳይጓጉል በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ እንዴት እንደሚጨምር፣ ከዚያም በዝግታ እሳት እስኪበስል እንዴት እንደሚያንተከትከው አሳየሁት። በአራተኛው ሳምንት ዘይት ማለቁን ሳያይ ቀረ። ሱቅ ልሄድ ተነሥቼ ነበር፤ ግን ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ በዚያ ምሽት ሁላችንም እንጀራ በድልህ በላን። አልተቆጣሁትም። ከዚያ ወዲህ ግን ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ጓዳ ገብቶ የሚያየው እርሱ ነው።

መልስ 2 (አባት፣ አዳማ)

ስለ አደጋው ለጠየቁት ልመልስ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ምስር ብትለቅም፣ ልብስ ብታጥፍ፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ጀሪካኖቹ መሞላታቸውን ብትቆጣጠር ይበቃታል፤ የፈላ ድስት ግን አታውርድ። በእኔ ቤት ማንም ልጅ የማይጥሳቸው ሕጎች አሉ። የተያያዘ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይገባም፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውምና። የማብሰያ ጋዝ ከሸተተ ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነኩ መስኮት ከፍቶ መውጣትና አዋቂ መጥራት ነው። በረኪና ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀልም፤ በሃይላንድ ፕላስቲክም አይቀመጥም፣ የተጠማ ልጅ ውኃ መስሎት ሊጠጣው ይችላልና። ምክንያቱን ጭምር ይንገሯቸው፤ ምክንያቱ የገባው ልጅ እርስዎ በሌሉበትም ይጠነቀቃል።

መልስ 3 (ከሜሪላንድ)

እኔ ያደግኩት «ወንድ ልጅ ማጀት ምን አለው» በሚባልበት ቤት ነው። በ22 ዓመቴ ወደዚህ አገር ስመጣ ወጥ መሥራት ቀርቶ ነጭ ልብስ ከባለቀለም ተለይቶ እንደሚታጠብ አላውቅም ነበር፤ የመጀመሪያው ዓመት በጣም ከብዶኝ አልፏል። እናቴ ይህን ስትሰማ አዘነች፤ ታናሽ ወንድሜንም ራሷ ማስተማር ጀመረች። አማትዎን ልጁን እንዲተዉት ከሚለምኗቸው ይልቅ አስተማሪው እንዲሆኑ ይጠይቋቸው። ሽንኩርቱ ውኃውን እስኪጨርስ ያለ ዘይት እንዴት እንደሚቁላላ፣ በርበሬው እንዳያር መቼ ውኃ ጠብ እንደሚደረግበት ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ በቤትዎ ያለ አይመስለኝም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ አማቴን እንደተመከርኩት ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «በቅዳሜ ምስር ወጥ እንጀምራለን፤ ምስሩን ግን እርሱ ራሱ ይለቅመዋል» አሉኝ።