በ600 ብር ቴስላ ኮይል ይሠራል? (ባሕር ዳር ነኝ)

የጣና ዳር ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 11ኛ ክፍል ነኝ። ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ቀን ቴስላ ኮይል (ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጭ የሽቦ ጥምጥም) መሥራት ፈልጌ ያለኝ 600 ብር ብቻ ነው። ጎረቤታችን የተበላሸ ማይክሮዌቭ ሰጥተውኛል፤ ቪዲዮ ላይ ትራንስፎርመሩን አውጥተው ሲሠሩበት ስላየሁ ቅዳሜ ልፈታው ነው። ጥምጥሙ ስንት ዙር ይሁን? ሽቦውንስ ከየት ላግኝ? ትልቅ ብልጭታ አልፈልግም፤ አምፖል ያለ ገመድ ሲበራ ጓደኞቼ ቢያዩልኝ ይበቃኛል።

ሞተር ጠምጣሚ፦
እህቴ፣ ማይክሮዌቩን እባክሽ አትንኪው። ያ ትራንስፎርመር 2,000 ቮልት ገደማ ያወጣል፣ የሚሰጠው ከረንትም ሰው ይገድላል። ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ደግሞ ከሶኬት ተነቅሎም ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሳትከፍቺ መልሺላቸው።

ለምትፈልጊው አንድ ትራንዚስተር (ከረንትን በፍጥነት የሚያበራና የሚያጠፋ ባለ ሦስት እግር ዕቃ) ይበቃል። ቲአይፒ 31 ፈልጊ፣ 22 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ) እና አንድ ኤልኢዲ (ትንሿ መብራት) ጨምሪበት። ለኃይል የአሮጌ ራውተር 12 ቮልት አዳፕተር ይሆናል። ሽቦውን ሞተር ከሚጠመጥም ሰው ለምኚ፤ እኛ በኪሎ ነው የምንገዛው፣ ከጥቅልል የሚተርፍ አይጠፋም። ከተቃጠለ ሞተር የወጣውን ግን አትውሰጂ፣ ሽፋኑ ስለሚረግፍ ዙሮቹ እርስ በርስ ይነካካሉ። 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው የፒቪሲ ቱቦ ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር ሽቦ 300 ዙር ብትጠመጥሚ 38 ሜትር ገደማ ይፈጃል፣ ክብደቱ 25 ግራም አይሞላም። ዙር በዙር ላይ እንዳይወጣ ቀስ ብለሽ ሥሪው። እኔ የመጀመሪያውን ሦስት ጊዜ ነው ያፈረስኩት።

ፖሊ የተማርኩ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። አገናኙን ልጨምር። ቤዝ፣ ኮሌክተርና ኤሚተር የምላቸው የትራንዚስተሩ ሦስት እግሮች ናቸው። የረጅሙ ጥምጥም የታችኛው ጫፍ ቤዝ ላይ ይገባል፣ የላይኛው ክፍት ይቀራል። ከታች በወፍራም ሽቦ 4 ዙር ጠምጥሚበት፤ አንዱ ጫፍ ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላው ኮሌክተር ላይ። ኤሚተሩ ኔጌቲቭ ላይ ይሄዳል። ሬዚስተሩ ከፖዘቲቭ ወደ ቤዝ ነው። የኤልኢዲው ረጅም እግር ኔጌቲቭ ላይ፣ አጭሩ ቤዝ ላይ። የሽቦውን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ እንዳትረሺ፣ አለበለዚያ አይነካካም።

ትራንዚስተሩን አልሙኒየም ቁራጭ ላይ እሰሪው፣ በጣም ይግላል። ከክረምቱ የሐይቅ እርጥበት ለመጠበቅ ጥምጥሙን አንድ እጅ ቫርኒሽ ቀቢው። ስልክሽን አርቂ፤ የጥምጥሙን የላይኛ ጫፍም በጣትሽ አትንኪ፣ ትንሿ ብልጭታም ታቃጥላለች። የተቃጠለ ኃይል ቆጣቢ አምፖልም ብርጭቆው ካልተሰበረ ይበራል፤ ውስጡ ሜርኩሪ ስላለ ግን እንዳይወድቅብሽ።

የጣና ዳር ተማሪ፦
ጋሼም ወንድሜም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማይክሮዌቩን መልሻለሁ። ሽቦ ደግሞ አንድ ጠምጣሚ ጋ ሄጄ ለትምህርት ነው ስላቸው በነፃ ሰጡኝ! ሁሉን ገጣጥሜ ስሰካው ግን ምንም የለም፣ ኤልኢዲዋም አልበራችም።

ፖሊ የተማርኩ፦
የ4 ዙሯን ሁለት ጫፎች አቀያይሪያቸው። አቅጣጫው ሲገለበጥ አይነሳም።

የጣና ዳር ተማሪ፦
በራ!! ቤቱን አጨልሜ አምፖሉን ሳስጠጋው በእጄ ላይ በራ። እናቴ ሁለት ጊዜ ደግሜ እንዳሳያት አደረገችኝ። ከ600ው ብር ተርፎኛል፣ በሱ ትርፍ ትራንዚስተር እገዛለሁ፤ በዕለቱ ቢቃጠልብኝ እቀይረዋለሁ።