የዓመታዊው የሞተረኞች ስብስብ ቦታ፦ ደባርቅ፣ ጎርጎራ ወይስ ጎንደር? የጋራ ሐሳብ ማዘጋጃ

ሰብሳቢ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። እስካሁን የቀረቡት ሦስት ቦታዎች ናቸው፦ ደባርቅ፣ ጎርጎራና ጎንደር ከተማ። ለጠቅላላ ጉባኤው የሚሄደው ግን አንድ ሐሳብ ስለሆነ እዚሁ እንጨርሰው። ሁላችሁም በአንድ ቁጥር አስሉ፦ 80 ሞተር፣ 110 ሰው፣ ከአርብ ከሰዓት እስከ እሑድ ከሰዓት። «ቦታው ያምራል» ብቻ አይበቃም፤ ውሃው፣ ነዳጁ፣ መጸዳጃውና ሐኪሙ ከየት እንደሚመጣ አብራችሁ ጻፉ።

የደባርቅ ተወካይ፦
ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ የሚመጣ እንግዳ ተራራ ማየት አለበት። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። ኮሶዬ ላይ ቆሞ ገደሉን ቁልቁል ማየት፣ ከዚያ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን ይዞ ደጋውን መንዳት፣ በዚህ አገር እንዲህ ያለ መንገድ ጥቂት ነው። ከፍታው 2,850 ሜትር፣ ከተማው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር። ድንኳኑን እዚያው እንትከል።

የጥገና ክፍል፦
ወንድሜ፣ ደባርቅ መውጣቱን እደግፋለሁ፤ 80 ሞተር እዚያ ማሳደሩን ግን አልደግፍም። ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ላስቀምጠው።

ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ 10 ከመቶ ያህል ያጣል። በባሕር ጠለል ላይ 12 የፈረስ ጉልበት ያለው 150 ሲሲ ሞተር ጎንደር ላይ (2,133 ሜትር) 9 ተኩል ያህል፣ ደባርቅ ላይ 8 ተኩል ያህል ይቀረዋል። በዚህ ላይ ሁለት ሰው፣ ድንኳንና ሻንጣ ሲጫንበት ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚወጣው። በዝቅተኛ ፍጥነት ነፋስ ስለማያገኝ ይግላል፤ ነጂው ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ እያንሸራተተ ከሄደ ደግሞ ሞተሩ ደባርቅ ሳይደርስ ዲስኩ ያልቃል። ሻንጣው ታች ቀርቶ ቀለል ብሎ ቢወጣ ግን ያው ሞተር ያለ ችግር ደርሶ ይመለሳል። ዕቃ የምናራግፍበት ማደሪያ ከዳገቱ በታች መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ካርቡሬተር። ኢንጀክሽን ያላቸው ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ካርቡሬተር ግን አየሩ ቢሳሳም ነዳጁን ብዙም ስለማይቀንስ ድብልቁ ይወፍራል፦ ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ፣ ነዳጅ ሲሰጡት መታፈን። ጎንደር፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ሞተር ለአንድ ቀን ደባርቅ ወጥቶ ለመመለስ ምንም አይነካ። ከመተማ በኩል ከቆላ የሚመጡት ናቸው የሚቸገሩት። ለእነሱ የካርቡሬተሩን መርፌ ክሊፕ አንድ ቦይ ወደ ላይ ማውጣት ነው፤ መርፌው ዝቅ ሲል ነዳጁ ይቀንሳል። ካልበቃ በቁጥር አንድ ደረጃ ያነሰ ጂግለር (የነዳጅ ማሳለፊያ) ይገባለታል። ወደ ቆላ ከመመለሳቸው በፊት ግን የግድ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት፤ አለዚያ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ሙቀት ላይ ግሎ ፒስተኑ ይነክሳል። ክሊፑ የተነካ ሞተር ሁሉ መሪው ላይ ቢጫ ፕላስተር ይለጠፍበትና እሑድ ሲወጣ በር ላይ እናረጋግጥ።

ሌላው የጠዋቱ ብርድ ነው። ደባርቅ ላይ ሌሊቱን ደጅ ያደረ ሞተር ዘይቱ ይወፍራል፣ ባትሪው ይደክማል። ከ80ው ጥቂቱ እንኳ በግፊ ከተነሣ የቀኑ ፕሮግራም በሙሉ ይረፍዳል።

ሐኪም አባል፦
እኔም ስለማደሩ ልጨምር። ከ2,500 ሜትር በላይ፣ በተለይ ከቆላ በአንድ ቀን ለወጣ ሰው፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የተለመደ ነው። ማታ መጠጥ ከተጨመረበት ጠዋት መንዳት የማይችል ሰው ይኖረናል። ቀን ወጥቶ ቀን መመለስ ይህን ያስቀራል። ደባርቅም ሆስፒታል አለ፤ ለከባድ የራስና የአጥንት ጉዳት ግን መድረሻው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ቁስለኛ ማውረድ ዕቅድ ውስጥ መግባት የለበትም።

የጎርጎራ አቅራቢ፦
እንግዲያውስ ጎርጎራ ይሁን። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ቢል ነው፤ ዳገት የለ፣ ብርድ የለ። ጣና ዳር፣ ደብረ ሲና ማርያምም እዚያው። 40 ድንኳን የሚያስተክል ሜዳ አይጠፋም።

ደንቢያን (የጎርጎራን አካባቢ) የሚያውቁ አባል፦
ሜዳውስ አለ፤ በየትኛው ወር ነው የሚለውን ማየት ነው እንጂ። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲጠነክር ገበሬው በቀሪው እርጥበት ሽምብራ ይዘራበታል። በጥቅምትና በኅዳር ባዶ የሚመስለው መሬት አንድም ቡቃያ፣ አንድም ያልታጨደ ሰብል፣ አንድም የከብቶች ግጦሽ ነው። 80 ሞተር ሲገባበት ካሳው ከኪራዩ ይበልጣል፤ ጠቡ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመትም ይተርፋል።

አፈሩም ዋልካ ነው። ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ አንድ ምሽት ቢዘንብ ደግሞ ጎማና ፓራፋንጎ መካከል ተጠቅጥቆ ጎማው አይዞርም። በጉልበት ያዞረ ሰው ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል። የጎን ማቆሚያውም ይሰምጥና ሞተሩ በሌሊት ይወድቃል፤ በመስመር ከቆሙ አንዱ ሌላውን እያስከተለ ይተኛል። ዋልካ ላይ ማቆም ግድ ከሆነ ከማቆሚያው ሥር 15 በ15 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ይደረግ።

ሐኪም አባል፦
በዚያ ላይ ወባ። ከክረምት ማግሥት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ወባ በደንቢያና በጣና ዳር የሚበረታበት ጊዜ ነው። 110 ሰው ያለ አጎበር ድንኳን ውስጥ ማሳደር አልስማማበትም። ቀን ሄዶ ከመምሸቱ በፊት ለሚመለስ ስጋቱ በጣም ያንሳል። ሐይቁ ዳር ግን ዋና አይፈቀድ፤ ጣና ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ አለበት።

ወጣት አባል፦
ከተማ ከሆነ የፋሲለደስ መዋኛ ግቢስ? ዛፉ ጥላ ነው፣ አጥር አለው፣ ለፎቶም የሚሆን።

አንድ አባት፦
ልጄ፣ ባሕረ ጥምቀቱ ታቦታት የሚያድሩበት ነው፤ በዓለም ቅርስነትም ከፋሲል ግቢ ጋር የተመዘገበ። ዘይትና ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ነገር አናስገባም። ሰልፉም በቅጥሩ ሥር አይቁም፤ እንግዳው ሞተሩን ማደሪያው ትቶ፣ ቲኬቱን ቆርጦ በእግሩ ይጎብኝ። እሑድ ደግሞ ቅዳሴ እስኪወጣ፣ ቢያንስ እስከ 3 ሰዓት፣ በአብያተ ክርስቲያናት አጠገብ የሞተር ድምፅ አይሰማ።

ቀኑንም እዚሁ እንቁረጠው። ጥር ለጥምቀት ነው፤ አልጋ አይገኝም፣ መንገዱም የሕዝብ ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ዝናቡ ያበቃበት፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ የሆነበት ከጥቅምት 20 እስከ ኅዳር 14 ያለው ነው። ከዚያ ውስጥ ጥቅምት 27 መድኃኔዓለምን፣ ኅዳር 6 ቁስቋምን፣ ኅዳር 12 ሚካኤልን የማይነካ አርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ይመረጥ።

የመንገድ ኃላፊ፦
አባታችን፣ ቀኑን እንዳሉት ይዣለሁ። ቦታውን እኔ አዘዞ በኩል እላለሁ። አንዳንዶች ወለቃ በኩል ብለዋል፤ ቅዳሜ ጠዋት ለደባርቅ ጉዞ እንደሚቀርብ እረዳለሁ። ነገር ግን የሚያሰጋኝ ሰዓት ቅዳሜ ጠዋት ሳይሆን አርብ ማታ ነው። እንግዳው ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንዳንዱም ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ደክሞ ይደርሳል። ሻንጣ እንደጫነ፣ ሊመሽ ሲል፣ ባጃጅና እግረኛ የሞላበትን የፒያሳ ዳገትና ቁልቁለት አቋርጦ ወለቃ ድረስ መሄድ የለበትም። አዘዞ ከተማው መግቢያ ላይ ነው፣ መሬቱም ሜዳማ። አርፎ ያደረ ሰው ጠዋት ማልዶ፣ መንገዱ ሳይሞላ፣ ከተማውን ቢያቋርጥ አይከብደውም። የጎርጎራውም መንገድ ከአዘዞ ስለሚገነጠል እሑድ ለሚፈልግ ጎርጎራን መጨመር እንችላለን። ሦስቱንም ቦታ የምናገኘው አዘዞ አድረን ነው።

ነዳጅ። ከአዘዞ ደርሶ መልስ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 150 ሲሲ ዳገቱን ቆጥረን በሊትር 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድ 8 ሊትር ይበቃዋል፤ 11 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሞልቶ የተነሣ ደባርቅ መቅዳት አያስፈልገውም። ይህን የማጠብቀው 80 ሞተር አንድ ማደያ ላይ ቢሰለፍ 640 ሊትር ስለሚሆን ነው፤ የከተማውን ሰው ነዳጅ እንሻማለን፣ እኛም ሁለት ሰዓት እንቆማለን። ሁሉም አርብ ሲደርስ ይሙላ። የቴሌብር ሂሳቡ ላይ አስቀድሞ ገንዘብ ያስገባ። በጀሪካን መቅዳት ደብዳቤ ስለሚጠይቅ ለአጃቢ መኪናው 40 ሊትር አሁኑኑ ደብዳቤ እንጻፍ።

አነዳድ። አንድ ቡድን ከ10 ሞተር አይበልጥ። በቡድኖች መካከል 5 ደቂቃ ይኑር፤ የመጀመሪያው 1:30 ቢነሣ ስምንተኛው 2:05 ይወጣል። ፊት መሪ፣ ኋላ ጠባቂ፤ ማንም ጠባቂውን ወደ ኋላ አያስቀር። ደካማው ሞተር ከመሪው ቀጥሎ ይሁን፤ ኋላ ካስቀመጥነው ክፍተቱን ለመሙላት ከአቅሙ በላይ ይነዳል። ኮሶዬ ላይ 20 ደቂቃ እረፍት፤ ጭጋግ ካለ እስኪገልጥ እዚያው እንቆያለን፣ ሞተሩ ያስቸገረውም ከዚያ ይመለስ። ወሩ የአዝመራ ስለሆነ ጭነት የያዘ አህያና አስፋልት ላይ የወደቀ ገለባ ይኖራል፤ ገለባ ላይ የፊት ፍሬን አይያዝ። መልስ ከደባርቅ ከ8 ሰዓት አይዘግይ። ከደባርቅ አልፎ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት መውረድ በዚህ ፕሮግራም አይኖርም፤ ከበሮ ፍሬን ያለው ሞተር ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል መያዝ ያቆማል። ወደ ፓርኩም በሞተር አንገባም።

እህት አባል፦
ስለ መጸዳጃ ማንም አልጻፈም። ለ20 ሰው አንድ ብንል 6 ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ለሴቶች ብቻ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ እስከ በሩ መብራት ያለው። ይህ ከሌለ ሴት ሞተረኞች አይመጡም፤ የመጡትም ውሃ ሳይጠጡ ይውላሉ።

ገንዘብ ያዥ፦
እህቴ ያልሽው በጀት ውስጥ ገብቷል። ውሃውን በሰው በቀን 15 ሊትር አስልቻለሁ፤ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ በቀን 1,650፣ ለሁለት ቀን 3,300 ሊትር። ጎንደር ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በቧንቧው አንመካም፤ አንድ የ5,000 ሊትር ቦቴና ሁለት ሮቶ እንከራይ። ሮቶዎቹ ታጥበው አርብ ጠዋት ይሞሉ።

የጥገና ክፍል፦
ማቆሚያው ሃያ ሃያ ሆኖ በአራት ረድፍ ይሁን። ለአንዱ ሞተር 1 በ2.5 ሜትር፣ ረድፎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በየጥንዱ መካከል 3 ሜትር መተላለፊያ፤ 20 በ16 ሜትር ይበቃል። ከድንኳኖቹ 15 ሜትር ይራቅ፤ በየማዕዘኑ 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ይቁም። አርብ ማታ የካቴና መላላት፣ የፍሬን ሸራ፣ የጎማ ነፋስና መብራት እንፈትሻለን። አጃቢ መኪናው ላይ በየቁጥሩ ካላማዳሪያ፣ የካቴና ማያያዣ፣ የፍሪሲዮንና የነዳጅ ገመድ፣ ካንዴላ፣ 4 ሊትር ዘይት ይጫን። አንድ ጎሚስታ አብሮን ይውጣ።

ጸሐፊ፦
የተስማማንበትን እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ ያልተስማማችሁበትን አርሙ።

«ማደሪያው አዘዞ በኩል፣ አጥርና ጠጠር የለበሰ ሜዳ ያለው የኪራይ ግቢ ይሆናል። ቅዳሜ በኮሶዬ በኩል ደባርቅ ደርሶ መመለስ፤ እሑድ ከ3 ሰዓት በኋላ ለፈለገ ጎርጎራ፣ እስከ 9 ሰዓት መመለስ። ቀኑ ከጥቅምት 20 እስከ ኅዳር 14 ባለው፣ በዓላቱን በማይነካ ሳምንት። የሰሌዳና የመንጃ ፈቃድ ዝርዝር ተያይዞ ለከተማው አስተዳደር፣ ለሰላምና ጸጥታ፣ ለመንገድ ትራፊክ ፖሊስና ለባህልና ቱሪዝም ደብዳቤ ከስድስት ሳምንት በፊት ይገባል። የጉዞው መንገድ ደህንነት በዚያው ሳምንት ከሚመለከተው አካል በጽሑፍ ካልተረጋገጠ ቅዳሜ ከከተማ አይወጣም፤ በምትኩ ግቢው ውስጥ የጥገና ሥልጠናና የዝግታ ነዳ ውድድር ይካሄዳል። የምሽት የሞተር እንቅስቃሴ ገደብ ካለ ሁሉም ከ11 ሰዓት በፊት ግቢ ይገባል።»

ሐኪም አባል፦
አንድ ይጨመርልኝ። በየቡድኑ ሁለት ሰው አርብ ማታ ኸልሜት አወላለቅ ይለማመድ፤ አንዱ አንገትና አገጭ ይዞ ሌላው ቀስ ብሎ ያወጣል። ለብቻው ማንም የተጎዳ ሰው ኸልሜት አያውልቅ፤ የሚተነፍስ ከሆነ እንደተኛ ይቆይ።

የደባርቅ ተወካይ፦
ማደሩ ቢቀርም ምክንያቱ ገብቶኛል፤ እስማማለሁ። ግን የቅዳሜው ምሳ ከጎንደር ተጭኖ እንዳይመጣ ይጻፍልኝ፤ ደባርቅ ይበላ፣ ከተማውም ይጠቀም። ከፍታው ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሥጋውና ድንቹ ለመብሰል ይቆያል፤ ማብሰያዎቹ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መጣድ አለባቸው።

ጸሐፊ፦
ሁለቱም ገብተዋል። ኸልሜቱ ከአርብ ማታው ፍተሻ ጋር፣ ምሳው ከቅዳሜው ጉዞ ጋር።

የደባርቅ ተወካይ፦
80 ሞተር የሚያስቆም ደረቅ ሜዳ እኛ እናዘጋጃለን። ለምሳው የጾምና የፍስክ ቁጥር ለይታችሁ እስከ ረቡዕ ላኩልን፤ ቀኑ ከኅዳር 6 በፊት ከዋለ ጽጌን የሚጾሙትንም ቁጠሩ።